ከለቅሶው በፊት ራዲዮ

ሰኞ፣ ከደሴ

ሰኞ ማለዳ ክራሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ዘፈን የተጫነባቸውን ፍላሾች በሻንጣ ይዤ ከደሴ መናኸሪያ ተነሣሁ። ጉዞዬ ሁለት ዓላማ ነበረው። በልቤ እንደነበሩት በቅደም ተከተላቸው ልጻፋቸውና አንባቢ ይፍረደኝ። አንደኛው፣ በራሴ ጥረት የሠራሁትን የመጀመሪያ አልበሜን በወልድያና በቆቦ ኤፍኤም ጣቢያዎች ቀርቤ ማስተዋወቅ፣ ከዚያም ዋጃ ገበያ ወርጄ ለሙዚቃ ቤቶች ፍላሽ ማደል ነው። ሁለተኛው፣ ሲመቸኝ ሮቢት አጠገብ ጎራ ብዬ የሰይድን እናት ለቅሶ መድረስ።

ሰይድ ዋሽንት ነፊ ነበር። ከሮቢት ወረድ ብሎ ካለ የቆላ ቀበሌ ወጥቶ ደሴ የገባ፣ ዝምታ የሚያበዛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። አንድ ሰርግ ላይ ተገናኘንና አራት ዓመት አብረን ሠራን። አልበሙ ውስጥ የእሱ እስትንፋስ የሌለበት ዘፈን የለም። አራተኛው ዘፈን ደግሞ ከሞላ ጎደል የእሱ ነው፤ እኔ ሁለት አንጓ ዘፍኜ ዝም እላለሁ፣ ቀሪውን ዋሽንቱ ይጨርሰዋል። ቀረጻውን ጨርሰን ብዙም ሳይቆይ ኩላሊቱ አስቸገረውና አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባ። ባለፈው ግንቦት አረፈ። በዕለቱ እዚያው ተቀበረ፤ ቀብሩ ላይ ከአገሩ የመጣ ሰው አልነበረም፤ እኔና ጥቂት የሙያ ጓደኞቹ ብቻ ነበርን።

ለአጎቱ በስልክ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ እግሬን ወደ ቆላ አላነሣሁም። መጀመሪያ የአልበሙ ድምፅ ይስተካከል አልሁ፤ ቀጥሎ ሽፋኑ፤ ቀጥሎ ደግሞ አልበሙ ይውጣና ይዤው እሄዳለሁ አልሁ። ሰበብ አላጣሁም።

ሚኒባሱ ሐይቅንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሲደርስ ለቁርስ ቆመ። ብርቱካን ገዝቼ ለሹፌሩ ሁለቱን አቀበልሁትና በዚያው ድፍረት ፍላሼን ሰጠሁት። አንድ ዘፈን አሰምቶ መለሰልኝ።

«ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ» አለኝ። «ጥሩ ነው። ግን ይሄን እየሰማሁ ከነዳሁ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስከ ወልድያ ድረስ ግን ከንክኖኝ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት፣ ወልድያ

ስቱዲዮው ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። አቅራቢው ጨዋ ወጣት ነው፤ አልበሙን ቀድሞ ሰምቶታል፤ ይሄ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም። ሁለት ዘፈን በክራር ተጫወትሁ፤ አራተኛውን ከፍላሹ አሰማንና ዋሽንቱ ሲያልቅ «ይሄ ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሰይድ ይባላል» አልሁ። «የሮቢት ልጅ ነው። ነፍሱን ይማረውና ባለፈው ግንቦት አረፈ።»

ድምፄ ተቆራረጠ። ያዘንሁት የእውነቴን ነው። ግን እዚህ ላይ መዋሸት ስለማልፈልግ፣ ድምፄ ሲቆራረጥ ግማሽ ልቤ «ይሄ ጥሩ ነው፣ ሰው ይይዘዋል» እንዳለኝም እጽፋለሁ። ከፕሮግራሙ በኋላ ቴክኒሺያኑ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ ብሎኝ አደርሁ።

ማክሰኞ፣ ወደ ቆቦ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ራያ ሜዳ ሲወረድ ሙቀቱ ከመስኮቱ ጋር ይገባል። ጃኬቴን ጎብዬ ሳንደርስ አወለቅሁ። ኅዳር ስለሆነ ማሽላው ደርሷል፤ ግማሹ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ ግማሹ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ጎብዬ ላይ ካፌዎቹ ባዶ ነበሩ፤ አስተናጋጆቹ በር ላይ ተቀምጠው አስፋልቱን ያያሉ።

ሮቢት ላይ አውቶቡሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ወደ ሰይድ ቀበሌ የሚገነጠለው ጥርጊያ መንገድ በመስኮቴ በኩል ነበር። ሁለት ግመሎች ጨው ጭነው ወጡበት። ልውረድ ብዬ ክራሬን ከፍ አደረግሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ነገ ጠዋት ራዲዮ አለብኝ፤ ለቅሶ ቤት ገብቼ ድምፄን ብጨርሰውስ ብዬ አሰብሁ። ከራዲዮው በኋላ እመለሳለሁ አልሁ። አውቶቡሱ ተነሣ።

ቆቦ ስገባ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ያረፍሁበት ሆቴል ግድግዳ ላይ የጦርነቱ ጊዜ ጥይት የበሳቸው ቦታዎች በሲሚንቶ ተደፍነዋል፤ ቀለም ግን አልተቀባባቸውም። የማሽላ እንጀራ በፍየል ጥብስ በላሁና የሰይድን አጎት አያ እንድሪስን ደወልሁላቸው። ቆቦ መሆኔን፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ ራዲዮ እንደምቀርብ፣ ከዚያ ለቅሶ ልደርስ እንደምመጣ ነገርኋቸው። 

«ያለህበት ቆየኝ» አሉኝ። «ማንም ጋ እንዳትሄድ።»

ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ በባጃጅ መጡ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ሽርጣቸው ላይ የማሽላ ገለባ የተጣበቀ ሰው ናቸው። ከአውድማ እንደወጡ ነው የመጡት። ሻይ አዘዝሁላቸው፤ አልነኩትም።

«ለቅሶ አልተቀመጥንም» አሉ።

«እንዴት አያ?»

«እናቱ አልሰማችም።»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ።

«ሰኔ ላይ ልናረዳት ሽማግሌ ተሰብስቦ ነበር» አሉ፣ ብርጭቆውን እያዩ። «አመማትና ተውነው። ሐምሌ እርሻ ሆነ። ነሐሴ ጎርፍ መጣ። አሁን ማሽላው አውድማ ላይ ነው። ለሷ የሚገባት ለቅሶ አገር ሥራ ፈትቶ ሦስት ቀን የሚቀመጥበት ነው። አሁን ብንነግራት ማን ይመጣል? ማሽላው ይግባና በማለዳ ሽማግሌዎቹ ሆነን እንሄዳለን። ሁለት ሳምንት ብትቀረን ነው።»

«እስከዚያ የት አለ ትሏታላችሁ?»

«አረብ አገር። አሠሪዎቹ ስልክ አያስነኩትም እንላታለን። ቀበሌው ሁሉ ያውቃል፤ ልጆቹም ሳይቀሩ። አንድም ያፈነገጠ የለም።»

ይሄን ሲሉ ትንሽ ኩራት ነበረባቸው። እኔ ግን የወልድያው ፕሮግራም ትዝ አለኝ። ትናንት በወልድያው ራዲዮ ያልሁትን ነገርኋቸው። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«የወልድያው ወደኛ አይደርስም፤ ተራራው ይከልለዋል። አብሽር።»

«ነገ አራተኛውን ዘፈን ልተወው?»

«እንዳትተወው። ዘፈናችሁ በቆቦ ራዲዮ እንደሚሰማ ጎረቤት ነግሯታል። ትናንት የራዲዮ ባትሪ አስገዝታኛለች። የልጇን ዋሽንት ካጣችው ትጠረጥራለች። አሰማት። ስሙን ጥራ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

መሰረዝ እችል ነበር። ታምሜያለሁ ብል ማንም አይፈርድብኝም። ግን ከደሴ የመጣሁት ለዚህ ነበር፤ አያ እንድሪስም «አሰማት» ብለውኛል፤ እሺ አልሁ።

ረቡዕ፣ አራት ሰዓት

የቆቦዋ ጣቢያ ትንሽ ናት። አቅራቢዋ ሰላማዊት ትባላለች፤ አገሬው በድምጿ ያውቃታል። ነገሩን ሳስረዳት አላመነታችም፤ ወረቀት ላይ «ሰይድ አረብ አገር ነው» ብላ በትልቁ ጻፈችና ማይክራፎኑ ማቆሚያ ላይ ለጠፈችው። ለቴክኒሺያኑም፣ የሚደውለው ሁሉ ምን ሊል እንደሆነ ሳይጠየቅ እንዳይገባ አሳሰበችው። አያ እንድሪስ ከእኔ ጋር መጥተው ግቢው ውስጥ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር ተቀመጡ። ማታ ለእናትየው «ነገ ዘፋኙን ላገኘው ቆቦ እሄዳለሁ» ብለዋት፣ «ሰይድ ምን እንደላከልኝ ጠይቅልኝ» ብላቸዋለች።

ፕሮግራሙ ጥሩ ሄደ። ክራሩ ሙቀቱን ወዶት ነው መሰለኝ እንደዚያ ቀን ተስማምቶልኝ አያውቅም። አራተኛውን ዘፈን አሰማን። ዋሽንቱ ሲጀምር ወረቀቱን እያየሁ የማላውቃትን ሴት አሰብሁ፤ ራዲዮዋን ጠጋ አድርጋ ትሰማለች። ሲያልቅ ሰላማዊት ጠየቀችኝ፤ «ዋሽንቱ የሰይድ ነው፤ ያገራችሁ ልጅ» አልሁና ቆምሁ። ቀላል ነበር። ውሸት እንኳ አልነበረበትም።

ከዚያ ስልክ ተከፈተ። አንዲት ሴት ከዋጃ ደውላ ለእህቷ ሰላምታ አቀረበች። አንድ ሰውዬ ከከተማው ደውሎ የድሮ ዘፈን ይሻል እንደነበር በሰፊው አስረዳኝ። ሦስተኛው ከጎብዬ ነበሩ። ቴክኒሺያኑ ሲጠይቃቸው «ልጁን ላመሰግነው ነው» ብለዋል። ድምፃቸው የሽማግሌ፣ የተረጋጋ ነበር።

«እንደምን አረፈዳችሁ። ልጄ፣ እንኳን ወደ አገራችን መጣህ። ሰኞ ወልድያ ሕመምተኛ ልጠይቅ ሄጄ ፕሮግራምህን መኪና ውስጥ ሰማሁት። የሰይድን ነገር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁ። አባቱ ወዳጄ ነበር። ጉልበቴ አልሆንልህ ብሎኝ እንጂ ለቅሶ መምጣት ይገባኝ ነበር፤ እናቱ እየሰማችኝ እንደሆነ እዚሁ ላይ ልድረሳት። ሰይድን አላህ ይማረው። ላንቺም ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ።»

ቴክኒሺያኑ መስመሩን ሲቆርጠው ሰውዬው ጨርሰዋል። ሰላማዊት አፏን ከፍታ ምንም ቃል አልወጣትም። ስንት ሰኮንድ ባዶ እንደሄደ አላውቅም። ቴክኒሺያኑ ደንግጦ እጁ የደረሰበትን ከፈተ፤ ያው አራተኛው ዘፈን ነበር፤ ዋሽንቱ ከመሐሉ ጀመረ።

ሰውዬው ምንም አላጠፉም። እግራቸው ያልደረሰበትን ለቅሶ በድምፃቸው ደረሱ። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ያላደረግሁትን ነው ያደረጉት።

ረቡዕ፣ ወደ ሮቢት

ስወጣ አያ እንድሪስ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሹፌሩን አሁንም አሁንም «ንዳው» ይሉታል። እናትየው ሰምታ እንደሆነ፣ ወይም ውኃ ልትቀዳ ወጥታ እንደሆነ፣ ወይም ባትሪው አልቆ እንደሆነ እያሰብሁ ነበር። ያሰብሁትን ያወቁ ይመስል ሮቢት ልንገባ ስንል አንድ ጊዜ ብቻ አናገሩኝ።

«ባትሪውን የገዛሁላት እኔ ነኝ» አሉ።

ከአስፋልቱ ወርደን በጥርጊያው ስንሄድ አቧራው መንገዱን ሸፈነው። ከሩቅ አውድማዎቹ ታዩ። በሬዎቹ ማሽላው ላይ ቆመዋል፤ የሚነዳቸው ሰው ግን የለም። ያን ጊዜ ሁለታችንም አወቅን።

ግቢው ሞልቷል። ሰዉ መንሽና ማጭዱን እንደያዘ ከአውድማ መጥቶ ቆሟል፤ የሚያለቅስ ግን የለም፤ ማን እንደሚጀምር የሚጠብቅ ይመስላል። የሰይድ እናት እማማ ፋጡማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ግንባራቸው የሰይድ ነው። ራዲዮው አጠገባቸው ተዘግቷል።

«እንድሪስ» አሉ። «እውነት ነው?»

አያ እንድሪስ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መቼ?»

«ግንቦት።»

እማማ ፋጡማ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ኅዳር ሲደርሱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«በየሰላቱ ‹ያረብ፣ በሰላም መልሰው› እል ነበር» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «ለመንገደኛ የሚለመነውን ነው የለመንሁለት። ለሞተ የሚለመነው ሌላ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ልጄ አፈር ውስጥ እናቱ ‹ማረው› ሳትልለት ተኛ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከማዕዴ እየበላችሁ ታውቃላችሁ።»

 አያ እንድሪስ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ጨበጡት። «ፈርቼልሽ ነው» አሉ፤ ከጎናቸው የቆምሁት እኔ እንኳ በደንብ አልሰማሁትም።

ከዚያ እማማ ፋጡማ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ ዘፋኙ?»

«አዎ እማማ።»

«ቀብሩ ላይ ነበርህ?»

«ነበርሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርህ?»

አልበሙን ስጨርስ ነበር ማለት አልቻልሁም።  እሳቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡትና ጩኸቱ ያን ጊዜ ተነሣ፤ ከእሳቸው ሳይሆን ከሴቶቹ።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ

ለቅሶው ላይ ተቀመጥሁ። ዋጃ መሄዱን ተውሁት፤ ክራሬንም ከብርድ ልብሱ አላወጣሁትም። አያ እንድሪስ «ማን ይመጣል» ቢሉም ሰው መጣ፤ ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከቆቦ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። የማይተዋወቁ ሰዎች ራዲዮ ላይ ሰማን እያሉ መጡ። የጎብዬው ሽማግሌ ራሳቸው በሰው ተደግፈው ገቡ። ነገሩን ሲረዱ በሩ ላይ ተቀምጠው አልነሣ አሉ። እማማ ፋጡማ አስጠሯቸውና አጠገባቸው አስቀመጧቸው። «እውነቱን የነገረኝ አንተ ነህ» አሏቸው፤ ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው።

ሦስቱን ቀን ሥራ አልነበረም። አያ እንድሪስ ለማሽላው የፈሩት ግን አልቀረም። ወፉ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ደመና እየሆነ አውድማው ላይ ይወርዳል፤ የሚያባርረው የለም። ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ወደዚያ ያያሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከዓመቱ ማሽላ ምን ያህሉ እንደሄደ ማንም አልተናገረም። አያ እንድሪስ ሰው ሲቀመጥ ይቆማሉ፣ ሰው ሲበላ ይወጣሉ። አማቻቸው ያቀረበላቸውን ሳህን ሁለት ጊዜ ሲመልሱ አየሁ።

ቅዳሜ ሰደቃው ከተበላ በኋላ ልሰናበት ገባሁ። የምለውን ሳሰላስል የነበረው ሁሉ ጠፋኝና «ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አልሁ።

እማማ ፋጡማ ቀና አሉ።

«ያ ዘፈን ገና ይሰማል?» አሉ።

«እርስዎ ካልወደዱት እንዲቀር አደርጋለሁ።»

«አይቅር። ብቻ ባሰማኸው ቁጥር ስሙን ጥራና የሰማው ሁሉ አላህ ይማረው ይበል። ብዙ ቀርቶበታል።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አላሉኝምም።

እሑድ፣ ደሴ

ሮቢት ላይ ያገኘሁት ሚኒባስ ጠባብ ነበር፤ ክራሩን ታቅፌ ተቀመጥሁ። አገሩ በመስኮት ያልፋል፤ ምንም ለማየት አልፈለግሁም። መርሳ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ቀረሁ። ስልኬን ያኔ ነው ያበራሁት። ለአራት ቀን ዘግቼው ስለነበር መልእክቱ እየተከታተለ ገባ።

የረቡዕን ፕሮግራም አንድ ሰው በስልኩ ቀድቶት ኖሯል። ሙሉውን አይደለም፤ የሽማግሌውን ድምፅ፣ ያን ባዶ ዝምታና ከዝምታው ቀጥሎ የገባውን ዋሽንት ነው። ሰው ለሰው ሲያስተላልፈው ከቆቦ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከዚያም አልፎ ሄዷል። ሰዎች ሙሉውን ዘፈን ፈልገው አልበሙን አግኝተውታል። በስድስት ወር ልፋት ያላገኘሁትን አድማጭ በአራት ቀን አገኘሁ። አንድ ትልቅ ጣቢያ ለቃለ መጠይቅ ፈልጎኛል። «ዝምታው ልዩ ነበር፤ አስባችሁበት ነው?» የሚል ጥያቄም ነበረው።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት አዲስ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት ይቀደማል፤ ሌላው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር። ማክሰኞ ሮቢት ላይ ከአውቶቡሱ ብወርድ ኖሮ የረቡዕ ራዲዮ ይቀር፣ እማማ ፋጡማም የልጃቸውን ሞት ከሽማግሌዎቹ አፍ፣ በማለዳ፣ ሰው ደግፏቸው ይሰሙ ነበር። አለመውረዴን ማንም አያውቅብኝም፤ ስለዚህ ነው እዚህ የጻፍሁት። ለቃለ መጠይቁ እሄዳለሁ፤ የሰይድን ስም እጠራለሁ፣ እናቱ እንዳዘዙኝም እላለሁ። ሰዉ አብሮኝ ይበል አይበል ግን በእኔ እጅ አይደለም።

ደሴ መናኸሪያ ስወርድ የሰፈሬ ሰዎች ሁለት ሆነው ቆመው ጠበቁኝ። አንደኛው ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ ሌላው አቀፈኝና ጀርባዬን እየመታ «እንኳን ደስ አለህ! ዋሽንቱ አገሩን አስለቀሰው እኮ» አለኝ። ስለ ሰይድ ልነግረው አፌን ከፈትሁ፤ አፌ ግን የለመደውን ነው ያወጣው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልሁት።